ራሱን መልሶ የሚጠራ ሥራ፤ የደመና ኮምፒውተር አዙሪትና ፍሬኑ

በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በነፋስ መውጫ የሚነግዱ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሒሳባቸውንና የደብዳቤያቸውን ሥራ በከፊል ከመዝገብ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር አዛውረዋል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፋርጣ ድንች የሚያወጣውም፣ ከፎገራ ሩዝ የሚጭነውም፣ ጨርቅ ዘርግቶ የሚሸጠው ባለሱቅም ገንዘቡን በስልክ መቀበልን ለምዷል። የደረሰኝ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክም የየዕለቱ ሥራ ሆኗል። ደረሰኙ ሲበዛ ግን ማን እንደላከውና ለየትኛው ዕቃ እንደተከፈለ መለየት አንድ ጸሓፊ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ሥራ ይሆናልና፣ ነጋዴው ይህን በኮምፒውተር የሚያሠራለት ባለሙያ ይፈልጋል። ባለሙያውም ዛሬ አዘውትሮ የሚመርጠው «ሰርቨርለስ» የተባለውን አሠራር ነው። ይህ አሠራር ወጪው ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ ይኸውም ሥራው ራሱን በራሱ እየጠራ ያለ ማቋረጥ የሚዞርበት አዙሪት ነው። የአዙሪቱን ሒሳብ የሚከፍለው ባለሙያው ሳይሆን ነጋዴው ስለሆነ ነገሩን ነጋዴው ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

ሰርቨርለስ ማለት ቃሉ ሲፈታ «ያለ ሰርቨር» ማለት ይሁን እንጂ ሰርቨር ከቶ የለም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ በውጭ አገር የሚገኝ የትልቅ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ነጋዴው አይገዛውም፣ በወርም አይከራየውም፤ የሚከፍለው ሥራ በተሠራለት ቁጥር ብቻ ነው። ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ የአሜሪካው አማዞን ሲሆን «ላምዳ» የተባለውን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ አድርጓል። ባለሙያው አንዲት አጭር የሥራ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ይህች ትእዛዝ ፈንክሽን ትባላለች። ፈንክሽኗ ተኝታ ትቆያለች። የሚቀሰቅሳት ነገር ሲደርስ፣ ማለት ፎቶግራፍ ወደ ማኅደር ሲገባ ወይም መልእክት በወረፋ ሣጥን ሲቀመጥ፣ ትነሣለች፤ ሥራዋን ፈጽማ ተመልሳ ትተኛለች። ሦስት ሰው ቢልክ ሦስት ሆና፣ መቶ ሰው ቢልክ መቶ ሆና ትነሣለች። የተወደደችው በዚህ ነው፤ የምትፈራውም በዚሁ ነው።

አንድ የደብረ ታቦር ጅምላ ነጋዴ አለ እንበል። በወረታና በነፋስ መውጫ ያሉ ደንበኞቹ የሚልኩት የደረሰኝ ፎቶግራፍ በአንድ የደመና ማኅደር ውስጥ ይገባል። ፎቶግራፉ ትልቅና ለመክፈት የሚዘገይ ስለሆነ ባለሙያው ፈንክሽን ይጽፍለታል፤ ትእዛዙም «ወደዚህ ማኅደር አዲስ ፎቶግራፍ በገባ ቁጥር ተነሺ፤ አንድ ትንሽ ቅጂ ለስልክ፣ አንድ መካከለኛ ቅጂ ለመዝገብ አውጪ፤ ቅጂዎቹንም አስቀምጪ» የሚል ነው። የት ታስቀምጥ? ባለሙያው ቸኩሎ በዚያው ማኅደር እንዲቀመጡ ያዘዘ እንደሆነ ጥፋቱ ተፈጸመ። ለማኅደሩ ሁለቱ ቅጂዎች አዲስ ፎቶግራፎች ናቸውና ፈንክሽኗ በሁለቱም ትነሣለች፤ አራት ታወጣለች። በአራቱ ተነሥታ ስምንት ታወጣለች። እንዲህ እየተባዛ ሲሄድ በ10ኛው ዙር 1,024፣ በ16ኛው ዙር 65,536 ይደርሳል። ከደንበኛው የመጣው ደረሰኝ ግን አንድ ብቻ ነበር።

የቢሮ ሥራ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በማናቸውም ደንበኛ ጽሕፈት ቤት ገቢ ደብዳቤ ለብቻው፣ ወጪ ደብዳቤ ለብቻው ይቀመጣል። የወጪው ግልባጭ በስሕተት ከገቢው ጋር የተቀመጠ እንደሆነ ጸሓፊው «ለዚህ ገና መልስ አልተጻፈም» ብሎ ለራሱ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ይጀምራል። ሰው ግን ቢበዛ በሁለተኛው ላይ የገዛ ፊርማውን አይቶ ስቆ ይተወዋል። ኮምፒውተር አይስቅም፤ የራሱንም ጽሑፍ ከሌላው ለይቶ አያውቅም።

አዙሪት ሁልጊዜ እንዲህ በግልጥ የሚታይ አይደለም። አንዲት ፈንክሽን የዕቃ ክምችት በተለወጠ ቁጥር ዋጋን ታስተካክላለች እንበል፤ ሌላዪቱ ደግሞ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የክምችቱን መዝገብ ታድሳለች። ሁለቱን የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ለብቻው ሲመረመር ምንም ነውር አይገኝበትም። አንድ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ሲቀሰቅስ ያድራል። ከልምድ እንደሚታየው ከፍ ያለ ጉዳት የሚያመጣው ይህ ሁለተኛው ዐይነት ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በማንም እጅ ስለማይገኝ ፈላጊውን ያደክማል።

ወጪውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አማዞን ባወጣው የዋጋ ሠንጠረዥ መሠረት በምሥራቅ አሜሪካ ባለው ጣቢያ የ1 ሚሊዮን ጥሪ ዋጋ 20 ሳንቲም የአሜሪካ ነው። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ነገሩን ይንቀዋል። ከጥሪው ዋጋ በላይ ግን ፈንክሽኗ የሠራችበት ጊዜ ይከፈልበታል፤ 1 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ይዛ ለ1 ሴኮንድ ብትሠራ 0.0000166667 ዶላር ነው። ከላይ በተነገረው ምሳሌ አንዱ ፎቶግራፍ 1 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ሒሳብ በአንድ ጣቢያ በአንድ ጊዜ ሊያስነሣ የሚችለው የፈንክሽን ቁጥር በመደበኛው 1,000 ነው፤ ለአዲስ ሒሳብ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። እጥፍ እጥፍ የሚሄደው አዙሪት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እዚህ ጣሪያ ይደርስና በዚያው ይቆያል። እንግዲህ በ1 ሰዓት 3,600,000 ጥሪ ይሆናል፤ የጥሪው ዋጋ 72 ሳንቲም፣ የሥራው ጊዜ ዋጋ 60 ዶላር፣ 7,200,000 ቅጂ በማኅደር የማስገባቱ ዋጋ ደግሞ 36 ዶላር ይመጣል። አዙሪቱ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢገታ 36 ሰዓት ነውና ሒሳቡ ወደ 3,480 ዶላር ይጠጋል። የተከማቹት ቅጂዎች የሚይዙት ቦታና የሥራው ማስታወሻ የሚያስከፍለው ገና አልተቆጠረም።

ሒሳቡ በዶላር መሆኑን ደግሞ አስመጪ ሁሉ ልብ ይለዋል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ የዚያ የሁለት ሌሊት አዙሪት ዋጋ 348,000 ብር ነው።

ለደቡብ ጎንደር ነጋዴ ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያከብደው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን መብራት ሲጠፋና መስመር ሲበላሽ የሚሆነውን ማንም ያውቀዋል። የደብረ ታቦር መስመር ሲቋረጥ በባዕድ አገር ያለው ኮምፒውተር አይቋረጥም። ፈንክሽኗ የምትዞረው እዚያ ነው፤ ለመዞርም ከደብረ ታቦር ምንም አትፈልግም፤ የመጀመሪያው ደረሰኝ አንዴ ከደረሳት ይበቃታል። በሩን ዘግቶ ሊያስቆማት የሚፈልገው ባለቤት ግን መስመር ከሌለው እጁ አይደርስም። ስለዚህም ማቆሚያው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ «ሲደርስ እናየዋለን» የሚባል ነገር አይደለም።

የሚሊዮን ደንበኞች ባለቤት የሆነ ትልቅ ባንክ እንኳ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚደርስበት አገሩ ሁሉ አይቷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በደረሰው እክል ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ የወጣውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረ ባንኩ አስታውቋል። የዚያ ምክንያት አዙሪት አልነበረም፤ ሆኖም ነገሩ የተገታው ባንኩ አገልግሎቱን ለጊዜው በመዝጋቱ ነው። ሰው ደርሶ እስኪዘጋ ያለፈው ሰዓት ነው ዋጋውን የወሰነው።

አማዞን ለዚህ ችግር የሠራው ፍሬን እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። አሠራሩ ደብዳቤ ላይ ቁጥር እንደመጻፍ ነው። አንድ መልእክት ፈንክሽን ሲቀሰቅስ አብሮት የማይታይ ምልክት ይጓዛል፤ ፈንክሽኗ የምትልከው መልእክት ያንኑ ምልክት ይወርሳል፤ በየዙሩም ይቈጠራል። ያንኑ ምልክት የያዘ የጥሪ ሰንሰለት አንዲቱን ፈንክሽን 16 ጊዜ ያህል ከጠራት ላምዳ ቀጣዩን ጥሪ ይከለክላል። ከሌላ መነሻ የመጣ ሌላ ደረሰኝ ግን የራሱ ምልክት ስላለው ሳይከለከል ያልፋል። ስለዚህ አንዱ መልእክት ስለዞረ ሱቁ በሙሉ አይዘጋም። ሐሳቡ በእርግጥ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ እያንዳንዱ ጥቅል መረጃ በየጣቢያው አንድ እየተቀነሰለት ዜሮ ሲሆን የሚጣልበትን ቁጥር እንዲይዝ አዟል፤ ይህ ባይሆን መንገድ የሳተ መረጃ ዓለሙን ሲዞር ይኖር ነበር።

በመጀመሪያ ይህ ፍሬን የሚያየው በፈንክሽንና በሁለት አገልግሎቶች መካከል ያለውን አዙሪት ብቻ ነበር፤ እነርሱም «ኤስኪውኤስ» የተባለው የወረፋ ሣጥንና «ኤስኤንኤስ» የተባለው የማስታወቂያ ማሠራጫ ናቸው። በ2024 «ኤስ ስሪ» የተባለው የፎቶግራፍና የሰነድ ማኅደር ተጨመረበት፤ ከላይ የተነገረው የደረሰኝ ምሳሌም ከዚያ ወዲህ በፍሬኑ ሥር ገብቷል። በዚያው ዓመት ፍሬኑን በየፈንክሽኑ ለይቶ የማስተካከል ሥልጣን ለባለሒሳቡ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ፍሬኑ እንዲነሣለት የፈለገ ሰው ኩባንያውን መለመን ነበረበት።

ማስተካከያው የሚገኘው በፈንክሽኗ ገጽ «ኮንፊገሬሽን» በተባለው ክፍል፣ «ኮንከረንሲ ኤንድ ሪከርሽን ዲቴክሽን» በሚለው ርእስ ሥር ነው። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ «ተርሚኔት» ማለት አቁም፣ ሁለተኛው «አላው» ማለት ፍቀድ ነው። ባለሒሳቡ ምንም ካልነካ ያለው «አቁም» ነው፤ ተጨማሪ ክፍያም የለበትም። ነጋዴው ባለሙያውን የሚጠይቀው እንግዲህ «ፍሬኑን አብርተሃል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «በየትኛዋ ፈንክሽን ላይ አንሥተኸዋል? ስለ ምን?» ብሎ ነው። መልሱም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ባለሙያ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል፣ ያልተጻፈ ምክንያት አብሮ ይሄዳል።

ፍሬኑን ለማንሣት በቂ ምክንያት የሚኖርበት ጊዜ አለ። አንድ ላኪ የዓመቱን የሰሊጥ ጭነት መዝገብ፣ ብዙ ሺህ መስመር የሆነውን፣ በአንድ ጊዜ ማስቆጠር ይፈልጋል እንበል። ላምዳ አንዲት ፈንክሽን ከ15 ደቂቃ በላይ እንድትሠራ አይፈቅድም። ስለዚህ ባለሙያው ፈንክሽኗ 500 መስመር ቈጥራ ለቀረው ራሷን እንድትጠራ ያደርጋል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ዙር ነው፤ ፍሬኑ ግን ከአዙሪት ሊለየው ስለማይችል 16ኛው ላይ ያቋርጠዋል። በዚህ ጊዜ ለዚያች ፈንክሽን ብቻ «ፍቀድ» ይባላል። ዳሩ ግን የባለሙያው ትእዛዝ ራሱ መጨረሻ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ መልእክቱ ስንተኛው ዙር እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ይያዝ፤ ቁጥሩ ከተወሰነው ሲያልፍ ፈንክሽኗ እንቢ ትበል። ይህን ሳያደርግ ፍሬኑን ብቻ ያነሣ ባለሙያ የነጋዴውን ገንዘብ ያለ ዘብ ትቶታል።

ፍሬኑ የማያያቸውም መንገዶች አሉ። በአዙሪቱ መካከል «ዳይናሞ ዲቢ» የተባለው የመዝገብ ቋት የገባ እንደሆነ ምልክቱ እዚያ ሲደርስ ይጠፋል፤ ቈጠራውም ይቋረጣል። ከላይ የተነገረው የዋጋና የክምችት አዙሪት በእንዲህ ያለ ቋት በኩል የሚያልፍ ከሆነ 16ኛው ዙር ላይ ማንም አያስቆመውም። ፈንክሽኗ ወጥታ የሌላ ድርጅት አገልግሎት ብትጠራና ያ አገልግሎት ተመልሶ ቢጠራትም እንደዚሁ ነው። እንዲሁም ባለሙያው የተጠቀመበት የአማዞን የፕሮግራም መሣሪያ ያረጀ ከሆነ ምልክቱን አያስተላልፍም። ጉግልና ማይክሮሶፍትም ሰርቨርለስ አገልግሎት ይሸጣሉና፣ በእነርሱ ዘንድ የሚሠራ ሰው የአማዞን ፍሬን እዚያም አለ ብሎ እንዳይተማመን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከፍሬኑ በፊት መደረግ ያለበት ገቢውን ከወጪው መለየት ነው። ከደንበኛ የሚመጣው ፎቶግራፍ በአንድ ማኅደር፣ ፈንክሽኗ የምታወጣው ቅጂ በሌላ ማኅደር ይግባ፤ ሁለተኛው ማኅደር ማንንም አይቀስቅስ። በአንድ ማኅደር ውስጥ በስም ቅጥያ መለየትም ይቻላል፤ ነገር ግን ስም በስሕተት ይለወጣልና ሁለት ማኅደር ይሻላል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሌሎቹ ጥንቃቄዎች ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ማበጀት ነው። ለአንዲት ፈንክሽን በአንድ ጊዜ ከስንት በላይ እንዳትነሣ ቁጥር ሊወሰንላት ይችላል። በቀን 200 ደረሰኝ የሚቀበል ነጋዴ 1,000 ፈንክሽን በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው በምን ምክንያት ነው? 5 ቢወሰንለት ደንበኞቹ ልዩነቱን አያውቁትም፤ አዙሪት ቢነሣ ግን የሰዓቱ ወጪ ከ97 ዶላር ገደማ ወደ 50 ሳንቲም ያህል ይወርዳል። ፍሬኑ በማያያቸው መንገዶች ላይም የሚሠራው ይህ ጣሪያ ነው፤ መስመር ተቋርጦ ባለቤቱ ሳይደርስ የሚያልፈውን ሌሊት የሚያረክሰውም ይኸው ነው።

የወጪ ማስጠንቀቂያም አለ፤ ሒሳቡ ከተወሰነው ዶላር ሲያልፍ ኢሜይል ይልካል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም የወጪው ሒሳብ የሚታደሰው በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ እንደ ዘበኛ ሊታመን አይገባም። ፍሬኑ ራሱ ጥሪ ባቋረጠ ጊዜ የሚልከው ማስታወቂያም ወዲያው ላይደርስ ይችላል። ይህ ማስታወቂያ የሚሄደው ሒሳቡ በተከፈተበት ኢሜይል ነው፤ ሒሳቡን የከፈተው ቀድሞ የሄደ ባለሙያ በራሱ ኢሜይል ከሆነ ማስታወቂያው ለነጋዴው ከቶ አይደርሰውም። ይህ ዛሬውኑ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። የሥራ ጉዳዮች ተጠሪ ተብሎ ሁለተኛ አድራሻ መመዝገብ ስለሚቻል፣ ከደብረ ታቦር ውጭ፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ያለ የታመነ ሰው ቢመዘገብ መስመር በተቋረጠ ጊዜ የሚደርስ እጅ ይኖራል።

አዙሪቱ ተነሥቶ የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ የሚደረገው የፈንክሽኗን ጣሪያ ዜሮ ማድረግ ነው። ከጉና ተራራ በሚወርዱት ወንዞች ላይ የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እህሉ አልቆ ድንጋይ ድንጋይን መፍጨት ሲጀምር ወፍጮኛው ድንጋዩን በእጁ ሊይዝ አይሞክርም፤ ሄዶ ውሃውን ይመልሳል። ዜሮ ማድረግም ውሃውን መመለስ ነው፤ ፈንክሽኗ አትጠፋም፤ ግን አትነሣም። በስልክ በሚከፈት ገጽም ሊደረግ ስለሚችል ተጠሪው ሰው አስቀድሞ ቢለማመደው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተቋረጡትን መልእክቶች መሰብሰብ ነው። ፍሬኑ የከለከለው መልእክት እውነተኛ የደንበኛ ክፍያ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ መውደቂያ ካልተዘጋጀለት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ዴድ ሌተር ኪው» የሚባል፣ ባለቤት ያላገኘ ደብዳቤ እንደሚቀመጥበት ያለ ሣጥን አስቀድሞ ይታሰርለታል። አዙሪቱ ሲገታ በሣጥኑ ውስጥ የአንዱ ደረሰኝ ቅጂ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ይገኛልና እንዳለ ተመልሶ አይላክም። ጸሓፊው የክፍያውን መለያ ቁጥር ከቴሌብር ወይም ከባንክ ዝርዝር ጋር እያመሳከረ አንዱን ያስቀራል፣ ሌላውን ይሰርዛል፤ ባለሙያው የማኅደሩን መንገድ ማስተካከሉ ከተረጋገጠ በኋላም ጣሪያው በመጀመሪያ ወደ 1 ከፍ ይላል፤ አንድ ደረሰኝ ይላካል፤ በገቢው ማኅደር አንድ፣ በወጪው ማኅደር ሁለት መገኘቱ ታይቶ የቀሩት ይለቀቃሉ።